ጥላ የገነቡ እጆች

የድሬዳዋን የከዚራ ሠፈር ቤቶች ማየት የሚያስፈልገው በቀትር ነው። ማለዳማ የትኛውም ከተማ ያምራል። የግንበኛና የአናጢ ሙያ የሚፈተነው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ባጃጆቹ ዛፍ ሥር ተሰልፈው ሾፌሮቹ እግራቸውን አውጥተው ሲያንቀላፉ፣ የአሮጌው ፔጆ ታክሲ ብረት እጅ ሲፈጅ፣ የድሬ ሰው ወይ በርጫ ላይ ወይ እንቅልፍ ላይ ሲሆን ነው። በዚያች ሰዓት ከአስፋልቱ ወጥቶ ከአሮጌዎቹ የምድር ባቡር ቤቶች በአንዱ በረንዳ ላይ የቆመ ሰው፣ ቤቱን የሠራው ባለሙያ ምን አስቦ እንደነበር በቆዳው ይረዳዋል። ሙቀቱን የሚመልሰው ማራገቢያ አይደለም፤ ግድግዳው፣ ጣሪያውና መስኮቱ ናቸው።

ስለ ድሬዳዋ ሲወራ የሚነሳው ባቡሩ ነው፤ አለዚያም የሰዉ ለዛ፣ «አቦ ይመችህ» ባይነቱ። ሁለቱም ይገባቸዋል። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ኖራውና ስለ እንጨቱ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። ከተማይቱ ካላት ሀብት ሁሉ ሳይመሰገን እየጠፋ ያለው ደግሞ ይኸው የእጅ ሥራ ነው።

ከተማይቱ የተወለደችው ከተራራ ሽሽት ነው። አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ሲሰጡ፣ መስመሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረርን እንዲያገኝ ነበር የታሰበው። ሐረር ግን 1,900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ናት። ባቡሩን እዚያ ለማውጣት የሚፈጀው ገንዘብ ስለከበደ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚያ ሲደርስ ሥፍራው፣ የዛሬዋ ድሬዳዋ፣ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ቀጥሎ ኩባንያው ከሰረ፤ በእግሩ ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተተካ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ድሬዳዋ እነዚያን ዓመታት አብዛኛውን የቆየችው የመስመሩ መጨረሻ ጣቢያ ሆና ነው። መጨረሻ ጣቢያ ደግሞ መጋዘን ይፈልጋል፣ የጥገና ወርክሾፕ ይፈልጋል፣ የሠራተኛ መኖሪያ ይፈልጋል። በኋላም ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ እያደረ ነበር የሚሄደው። ከተማይቱ በችኮላ በተተከለ ድንኳን ሳይሆን በተጠረበ ድንጋይ የተሠራችው፣ የኩባንያው ኪሳራ በሰጣት ፋታ ጭምር ነው ብል ብዙ አልሳሳትም።

ደቻቱ ወንዝ ከተማይቱን ለሁለት ይከፍላታል። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። አንዳንዴ ግን በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ እንዳደረገው በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ይዞ ይሄዳል። በአንደኛው ወገን መጋላ አለ፤ ጠመዝማዛ መንገዶቹ፣ የቀፊራ ገበያ ቅስት በሮቹ። በሌላው ወገን የፈረንሳዮቹ መሐንዲሶች በማስመሪያ ያሰመሯት ከዚራ አለች፤ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ግራና ቀኝ ጥላ ዛፍ፣ ከዛፉ ኋላ ዝቅ ብለው የተቀመጡ ቤቶች።

ከድንጋዩ እንጀምር። ድሬዳዋ የተቀመጠችው በኖራ ድንጋይ ኮረብቶች መካከል ነው። ከከተማው በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ያለውና የጥንት ሰው የኖረበት የፖርክ ኤፒክ ዋሻም የተፈለፈለው በዚሁ ድንጋይ ውስጥ ነው። ይህ ድንጋይ ለግንበኛ ሁለት ጊዜ ያገለግላል። ተጠርቦ ግድግዳ ይሆናል፤ ተቃጥሎ ደግሞ ግድግዳውን የሚያያይዘው ኖራ ይሆናል። አሸዋውን ደቻቱ ያቀርባል። በእግር በሚደረስበት ርቀት ውስጥ የግድግዳው ሁሉ ነገር አለ ማለት ነው።

በእንግሊዝ ገጠር ያሉት የቀይ ጡብ የገበሬ ቤቶች የሚደነቁትም በዚሁ ጠባያቸው ነው። ብዙዎቹ ሲሠሩ ሸክላው የተቆፈረው ከዚያው አካባቢ መሬት ነው፣ ጡቡም የተተኮሰው ከቅርብ ነው። ስለዚህ የአንዱ አውራጃ ቤት ከሌላው በቀለም ይለያል። የግንበኛው ጥበብ የሚታየው በአደራደሩ ላይ ነው፤ አንዱን ጡብ በርዝመቱ ቀጣዩን በራሱ እያዞረ፣ የላይኛው መገጣጠሚያ በታችኛው መገጣጠሚያ አናት ላይ እንዳይውል እየጠበቀ ይሠራል። ድሬዳዋ ላይ በጡቡ ፋንታ ድንጋይ ነው። ሕጉ ግን ያው ነው፤ መገጣጠሚያ በመገጣጠሚያ ላይ ከዋለ ግድግዳው ይሰነጠቃል።

የድንጋይ ግድግዳ ሥራ ውድ ስለሆነ ብልህ ባለሙያ ጉልበቱን በሁሉም ቦታ እኩል አያፈስም። የግድግዳው ሆድ ባልተጠረበ ወይም ግማሽ በተጠረበ ድንጋይ ይሞላል፤ በኖራ ይለሰናል፤ ይቀባል። ማዕዘኑ፣ የበሩና የመስኮቱ ጠርዝ ግን ሌላ እጅ ይጠይቃል። እዚያ ላይ ድንጋዩ በመሮ ተስተካክሎ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር እየሆነ፣ እንደተጠላለፈ ጣት ወደ ግድግዳው ሆድ ይገባል። ቱንቢ ጥለው ቢለኩት ከመቶ ዓመት በኋላም ቀጥ ብሎ ይገኛል። እኔ አሮጌ ቤት ስጎበኝ መጀመሪያ የማየው ማዕዘኑን ነው፤ ግንበኛው ድንጋዩ ሲያልቅበት ያታለለ እንደሆነ እዚያ ላይ ይታወቅበታል። ከዚራ ውስጥ ልስኑ የተላጠበት ማዕዘን ብዙ አለ። ልስኑ መላጡ ያሳዝናል፤ ለማየት ግን ይመቻል።

ከማዕዘኑ ቀጥሎ ቅስቱ። ቅስት የሚሠራው በእንጨት ቅርጽ ላይ ነው። አናጢው ግማሽ ክብ ወይም ዝቅ ያለ ቅስት ይገጥማል፤ ግንበኛው ከሁለቱም ወገን እኩል እያነሳ፣ ድንጋዩን በሽብልቅ መልክ እየጠረበ መሐል ላይ ያገናኘዋል። የመጨረሻው ድንጋይ ገብቶ ኖራው እስኪጠና ድረስ ቅርጹ አይነሳም። ቅርጹ በተነሳ ቀን ቅስቱ ወይ ይቆማል ወይ ይወርዳል፤ መካከለኛ የለውም። የብረት ፌሮ በሌለበት ዘመን ሰፊ ክፍተትን በድንጋይ መሻገሪያው መንገድ ይህ ነበር። በከዚራም በመጋላም ያሉት ቅስቶች ስንት ዝናብና ስንት የባቡር ንዝረት ችለው መቆማቸውን ሳስብ፣ እነዚያን ግንበኞች የሚጠራ አንድ ስም እንኳ ግድግዳው ላይ አለመኖሩ ያንገበግበኛል። የሐዲዱንና የከተማውን ሥራ የሠሩት የአገሬው የኦሮሞና የሶማሌ ሰዎች፣ ከየመን የተሻገሩ ዐረቦች፣ ግሪኮች፣ አርመኖችና ጣሊያኖች ናቸው። የኢልግ ስም በታሪክ መጽሐፍ አለ፤ የድንጋይ ጠራቢው የለም።

አሁን ወደ በረንዳው። ሰው በረንዳን ጌጥ ይመስለዋል፤ ድሬዳዋ ላይ የስሌት ውጤት ነው። ከተማይቱ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ውስጥ አናቷን ተሻግራ ትመላለሳለች፤ በሰኔ የቀትር ፀሐይ ከሰሜን ወገን ትመጣለች፣ በታኅሣሥ ከደቡብ። በአውሮፓ ቤት የቀትር ፀሐይ ፈጽሞ የማይመታው የሰሜን ግድግዳ አለ፤ እዚህ ግን አንድም ግድግዳ አያመልጥም። የታኅሣሥ ፀሐይ በቀትር ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ሁለት ሜትር የወጣ የበረንዳ ጣሪያ በዚያ ሰዓት ከሥሩ ሦስት ሜትር የሚሆን ግድግዳ ያጠላል፤ ማለትም የአንድ በር ሙሉ ቁመት ከነትርፉ። በሰኔ ፀሐይዋ ወደ አናት ስለምትጠጋ ጥላው ከዚያም ይረዝማል። በረንዳው ቤቱን በዙሪያው ሲያቅፈው ድንጋዩ በቀትር ሰዓታት በቀጥታ ፀሐይ አይመታም፤ ግማሽ ሜትር በሚጠጋው ውፍረቱ ውስጥ የሚገባው ጥቂቱ ሙቀትም ወደ ውስጠኛው ፊት ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። እስኪደርስ ይመሻል፤ መስኮት ተከፍቶ የሌሊቱ አየር ይቀበለዋል። ፈረንሳዮቹ ይህን ጥበብ ከሞቃት ቅኝ ግዛቶቻቸው ሁሉ አጠራቅመው ነው ያመጡት፤ እዚህ ግን በትክክል ተለክቶ ተሰፍቷል።

ጥዋትና ማታ ፀሐይ ዝቅ ስትል በረንዳው አይበቃም። ያን ጊዜ ሥራው የአናጢው ነው። የመስኮቱ የእንጨት መዝጊያ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ሳንቃ ይመስላል፤ ሲጠጉት በደርዘን የሚቆጠር ቀጭን ዝርግ እንጨት ነው። እያንዳንዱ ዝርግ ታችኛው ጠርዙን ወደ ውጭ አዘንብሎ በሁለቱ ቋሚዎች ውስጥ በተቆፈረ ቦይ ይገባል። ቦዮቹ ሁሉ በአንድ ማዕዘን፣ በአንድ ጥልቀት፣ በአንድ ርቀት መቆፈር አለባቸው፤ አንዱ ከተሳሳተ መስኮቱ ሁሉ ጠማማ ሆኖ ይታያል። ማዘንበሉም ብዙ ነገር በአንዴ ይፈታል። ዝናብ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል፤ ዝቅ ያለችው ፀሐይ ትታገዳለች፤ ነፋስ ይገባል። ከመንገድ የሚያልፍ ሰው ውስጡን አያይም፤ ውስጥ ያለው ሰው መንገዱን ያያል። በሚስማር የተመታ አንድም ዝርግ የለም፤ ሁሉም በቦይና በምላስ የተያዘ ነው። ስለዚህ አንዱ ቢሰበር ማዕቀፉ ተፈትቶ እሱ ብቻ ይተካል። ዛሬ ከምንገዛው መስኮት ውስጥ እንዲህ ተፈትቶ የሚጠገን ስንቱ ነው?

እንጨቱን መምረጥም ራሱ ሙያ ነው። ምስጥ የዚህ አገር የእንጨት ጠላት ነው። የባቡሩ መስመር ሲዘረጋ ሐዲዱ የሚያርፍባቸው አግዳሚዎች ከብረት የተሠሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቤት ውስጥ ግን ብረት ይግላል፤ ሰው የሚነካው በርና መስኮት እንጨት መሆን ነበረበት። ስለዚህ ቤቱ ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መደብ ላይ ይቆማል፤ የበሩ መቃን አፈር አይነካም፤ የበረንዳው ምሰሶ በድንጋይ እግር ላይ ያርፋል። ሦስት ደረጃ ወጥቶ ወደ በረንዳ መግባት የክብር ነገር ይመስላል። ክብርም አለው፣ ግን መጀመሪያ የምስጥና የጎርፍ ጉዳይ ነው።

ስለ ጣሪያው ብዙ አልልም። ቆርቆሮ ቆርቆሮ ነው፤ ከባሕር ማዶ በመርከብና በባቡር የመጣ፣ ፀሐይ ላይ የሚጋይ። ጥበቡ ከሥሩ ነው። በጣሪያውና በኮርኒሱ መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ የጋለው አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ከፍ ብሎ ይበጃል፤ ኮርኒሱም ራሱ ከፍ ያለ ስለሆነ ሙቀቱ ከሰው አናት በላይ ይሰበሰባል። በአንዳንዱ ቤት የጣሪያው ጠርዝ ላይ በቀጭን መጋዝ የተቆረጠ የእንጨት ጥልፍ አለ። አዲስ አበባ ውስጥም በምኒልክ ዘመን ሰዎች ቤቶች ላይ ተመሳሳዩ ይታያል፤ ሐረር ላይ በፈረንሳዊው ገጣሚ በሬምቦ ስም የሚጠራው የሕንድ ነጋዴ ቤት ከሁሉም በላይ ተጠብቦበታል። ጥልፉ ለዓይን ነው የተባለ እንደሆነ ግማሽ እውነት ነው፤ ሹል ጫፎቹ የዝናቡን ውሃ ከግድግዳው አርቀው ያንጠባጥባሉ።

ወለሉ ማቶኔላ ከሆነ ጫማ አውልቆ መርገጥ ነው። የማቶኔላ ቀለም ላይ ላዩን የተቀባ አይደለም፤ ባለቀለም ሲሚንቶ በናስ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ በመጫኛ ይታመቃል፤ ስለዚህ መቶ ዓመት ቢረገጥም ቀለሙ ይሳሳል እንጂ አይላጥም። ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ዞኮሎ ላይ ሥዕሉ ሳይቆረጥ እንዲጨርስ ክፍሉን አስቀድሞ መለካት ይጠይቃል። ይህን ያደረገ ንጣፍ ሠሪ ቸኩሎ አልነበረም።

አድናቆቱ እውነቱን እንዳይሸፍን አንድ ነገር ልበል። ይህ ሁሉ ጥላ ለሁሉም አልነበረም። ከዚራ ስትነደፍ የአውሮፓውያኑ ሠፈር ነበረች፤ የምድር ባቡር ቤቶችም እንደ ማዕረጉ ነበሩ። ሹሙ ሰፊ በረንዳና ግቢ፣ ተራው ሠራተኛ ጠባብ ክፍል። ድንጋዩን የጠረበው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወንዙን ተሻግሮ ነበር የሚያድረው። ግን እዚያም የራሱ ጥበብ ነበረው። በመጋላ የሐረሪ ቤት አሠራር የወረሱ ቤቶች ፊታቸውን ከመንገድ ያዞራሉ፤ ጥላቸው በግቢ ግድግዳና በጠባብ መንገድ የተሠራ ነው። መንገዱ ጠባብ ሲሆን አንዱ ቤት ለሌላው ያጠላል። የሐረሪ ቤት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የተነሱት የመቀመጫ ነደባዎች፣ ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት የዕቃ ማስቀመጫዎች፣ ቀዩ ወለል የትኛውንም የፈረንሳይ ሳሎን የሚያስንቁ ናቸው። የከዚራ ቤት በረንዳውን ለመንገደኛ ዓይን ይሰጣል፤ የመጋላው ውበቱን ለእንግዳው ያስቀምጣል። የትኛው ይበልጣል ብትሉኝ ለመኖር የመጋላውን፣ ከሰዓት በኋላ ለመቀመጥ የከዚራውን እመርጣለሁ።

ሐረር ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በዚያው በ1998 ዓ.ም. ነው። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ያለችው ልጅዋ ግን እንደ ፋብሪካና እንደ ንግድ ከተማ እንጂ እንደ ቅርስ አልታየችም። ድሬዳዋ ከከዚራ በኋላም ገንብታለች። በጣሊያን ወረራ ዘመን የአገሪቱ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው እዚሁ፣ በዚያው የኖራ ድንጋይ ላይ ነው። ጉዳዩ ታዲያ ከዚህ ይጀምራል። ሲሚንቶው ቅርብና ርካሽ ሲሆን አሮጌው ግድግዳ የተላጠ እንደሆነ በሲሚንቶ ይለሰናል። ለዓይን ያማረ ይመስላል። የኖራ ግንብ ግን ይተነፍሳል፤ በመሠረቱ በኩል የሚስበውን እርጥበት በፊቱ በኩል ያስወጣል። ኖራ ራሱ የሚጠነክረው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ በቀስ እየሳበ ነው፤ ለዓመታት። ሲሚንቶ ሲለብስ እርጥበቱ መውጫ ያጣና ውስጥ ያለውን ኖራ ያሟሟዋል፤ ጨው ይገፋል፤ ልስኑ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከነድንጋዩ ፊት ይነሳል። ባለቤቱ «ድሮውንም የበሰበሰ ቤት ነው» ይላል። አልበሰበሰም፤ ታፍኖ ነው።

መስኮቱም እንዲሁ። የእንጨቱ መዝጊያ ማጠፊያው ሲላላ ይነቀልና በአልሙኒየምና በመስታወት ይተካል። መስታወቱ ብርሃኑን ከነሙቀቱ ያስገባል፤ ክፍሉ ይግላል፤ ኤሲ ይገጠማል፤ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ወደ በረንዳ ይወጣል። በረንዳው ደግሞ አንዳንዱ ቤት ላይ በብሎኬት ተዘግቶ ሱቅ ሆኗል። ሰው ኪራይ ይፈልጋል፣ አልፈርድም። ግን ሱቁ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ላቡን ሲጠርግ ያየ፣ የጠፋው ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም።

አሮጌው ባቡር ዛሬ አዲስ አበባ አይገባም። በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ ተሳፋሪው ከዚራን ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። አሮጌው ጣቢያና ወርክሾፑ ግን አሉ፤ ቶርኖዎቹም አሉ። የብረቱን ሥራ የሚያውቁ እጆች ገና አልጠፉም፤ ከነሱ ጎን የእንጨቱንና የኖራውን ሥራ የሚያውቁ ጥቂት ሽማግሌዎችም ይገኛሉ። ከእጃቸው ሥር ግን ተማሪ ብዙ አይታይም።

ስለዚህ ለከዚራ ቤት ባለቤቶች፣ ቤቶቹንም ለሚያስተዳድሩት ሁሉ ጥያቄዬ ከባድ አይደለም። ልስን ሲላጥ ሲሚንቶ ከማዘዝ በፊት ኖራ የሚያውቅ ሽማግሌ ግንበኛ አስጠሩ። የመስኮት ዝርግ ሲሰበር መስኮቱን ሳይሆን ዝርጉን ቀይሩ። በረንዳውን ሳትዘጉ አከራዩ፤ ቡና የሚሸጥበት ጥላ ከታፈነ ሱቅ ይልቅ ሰው ይስባል። ሕንፃ ኮሌጅ ለሚያስተምሩ ደግሞ፦ ተማሪዎቻችሁን ሜትርና ደብተር አስይዛችሁ ላኩ፤ እያንዳንዱን ቤት ከማዕዘኑ እስከ ጣሪያው ጠርዝ ለክተው ይንደፉ። አንድ ቤት ቢፈርስ እንኳ እንዴት እንደተሠራ በወረቀት ላይ ይቅር።